አጥሩ የሁለት፣ ወጪው የማን?



በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ከሚጋጩባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ። የጣራ ውኃ ወደ ጐረቤት ግቢ ፈሰሰ፤ ዶሮ ጐመን ጫረች፤ ልጅ ልጅን መታ፤ አጥር ወደቀ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ዘመን የሚቈየው ግን የአጥር ጠብ ነው። የፈሰሰው ውኃ ይደርቃል፤ የተጣሉት ልጆችም በማግሥቱ አብረው ይጫወታሉ። አጥሩ ግን በየማለዳው በር ሲከፈት ፊት ለፊት ቆሞ ስለሚታይ ነገሩን ዘወትር ያስታውሳል።

አጥር የሚሠራው ወሰን ለማሳየት፣ እንስሳና ሌባ ለመከልከል፣ የቤትን ገመና ለመሸፈን ነው። ለሰላም የተተከለ ነገር ሰላም የሚነሣ ከሆነ ጥፋቱ የእንጨቱ ወይም የቆርቆሮው ሳይሆን የአሠራራችን ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የአጥር ወጪ ጠብ ከምን እንደሚነሣ፣ ወጪው በምን ሚዛን ቢከፈል ፍትሕ እንደሚሆን፣ ከእናንተ ከወጣቶችም ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1ኛ፦ ጠቡ ከምን ይነሣል?

ለትምህርት እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እናቁም። በአንድ ዳገታማ ሰፈር ሁለት ቤቶች በጐን ይዋሰናሉ እንበል። በታችኛው ቤት ባላቸው የሞቱባቸውና እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ይኖራሉ። በላይኛው ቤት ደግሞ ሥራው የተቃናለት ጐልማሳ ከባለቤቱና ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል። በመካከላቸው ያለው አጥር 20 ሜትር ርዝመት አለው። የሴትዮዋ ባል በሕይወት ሳሉ በራሳቸው ገንዘብ የባሕር ዛፍ እንጨት አቁመው ቆርቆሮ የመቱበት ነው።

እንጨት መሬት ውስጥ ሲቀበር፣ በተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ ወይም ሥሩ በእሳት ካልተለበለበ፣ ብዙ ክረምት አይችልም። ምስጥና እርጥበት ከአፈሩ አፍ ላይ ይቈርጡታል። ቆርቆሮውም አፈር የነካው ጠርዙ ይዝጋል። እንዲሁ ሆነና አጥሩ ዘመመ። የሴትዮዋ ዶሮዎች ወደ ላይ፣ የሰውየው ውሻ ወደ ታች መመላለስ ጀመሩ።

ጐልማሳው ቅን አስቦ፣ ነገር ግን ማንንም ሳያማክር፣ ሴትዮዋ ገበያ በወጡበት ቀን ግንበኛ ጠርቶ አሮጌውን አጥር አስነቀለ። በምትኩም የብሎኬት አጥር አስገነባ። ከአሮጌው ቆርቆሮ ደኅና የሆነውን መርጦ ለከሰል ማስቀመጫው ጣራ አደረገው። ልስኑንም በራሱ በኩል ብቻ አስለሰነ። ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ ታችኛው ቤት ወርዶ፣

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ አጥራችን አማረ። በጠቅላላው አርባ ሺህ ብር ወጥቷል፤ የእርስዎ ድርሻ ሃያ ሺህ ነው» አላቸው።

እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ማን ጠይቆኝ? የባሌን አጥር አፍርሰህ፣ ቆርቆሮዬን ወስደህ፣ ደግሞ ክፈይ ትለኛለህ? ወሰኔንም ሳትገፋ አልቀረህም» ብለው መለሱለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ። እርሱ «ዶሮዎቿ ጐመኔን ሲጨርሱ ዝም ስላልኩ ነው» እያለ ለሰው ይነግራል። እርሳቸው ደግሞ «ባል የሌላት ሴት ስለሆንኩ ነው» እያሉ ያዝናሉ። በዚህ መካከል የጐልማሳው እናት ታመው አረፉ። ሴትዮዋ ከሟቿ ጋር ለብዙ ዓመት ቡና የጠጡ ናቸውና ቀብር ቆሙ። ነገር ግን ድንኳን ገብተው ሳይቀመጡ ከበር ተመለሱ። ቀድሞ ቢሆን ለለቅሶኛ እንጀራ የሚጋግሩት እርሳቸው ነበሩ።

ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጠቡ የተነሣው ስለ ሃያ ሺህ ብር ይመስላል። የጠፋው ግን ከዚያ ይበልጣል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት የምንናገረው ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ ምጥ ቢመጣ፣ ሰው ቢሞት አስቀድሞ የሚደርሰው በአጥር ማዶ ያለው ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ የአጥር ሒሳብ ሲሠራ ይህም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

2ኛ፦ ሳይቀላቀሉ መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች

በምሳሌያችን ሁለቱም እውነት አላቸው። አጥሩ መታደስ ነበረበት፤ ጥቅሙም ለሁለቱም ነው። በሌላ በኩል ሴትዮዋ ባልተጠየቁበትና ባልመረጡት ሥራ ሃያ ሺህ ብር ሊጫንባቸው አይገባም። ነገሩ የተበላሸው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጣ ስለ ተደባለቁ ነው። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው።

ሀ) አጥሩ የት ይቁም? ይህ የወሰን ጥያቄ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱም ባሉበት በሲባጎ ተለክቶ በችካል መታወቅ አለበት። የብሎኬት ግንብ ከሆነ መሠረቱ ከግንቡ ስለሚሰፋ ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ማን በኩል እንደሚገባ መነጋገር ያስፈልጋል።

ለ) ምን ዓይነት አጥር ይበቃል? ይህ የልክ ጥያቄ ነው። ቅንጭብ ወይም ጽድ መትከል፣ የድንጋይ ካብ መካብ፣ እንጨትና ቆርቆሮ ማቆም፣ ብሎኬት መገንባት፣ ሁሉም አጥር ነው። ዋጋቸውና ዕድሜያቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። ቅንጭብ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ወተቱ ዓይን ስለሚጐዳ ሕፃናት ላሉበት ግቢ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጽድ ያምራል፤ እስኪያድግ ግን ዓመታት ይወስዳል።

ሐ) ማን ምን ያህል ይክፈል? ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ከሁለቱ በኋላ ነው። የት እንደሚቆምና ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ስለ ገንዘብ መናገር የጠብ መጀመሪያ ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ጐልማሳው ችካል ሳይመታ በፊት ወርዶ «እትዬ፣ አጥራችን ዘሟል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያው ሥራ በሌላ መልክ ይጠናቀቅ ነበር።

3ኛ፦ ሕግ በዚህ ነገር ምን ይላል?

የአጥር ጠብ የእኛ አገር ብቻ ስላልሆነ የሌሎችንም ልምድ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የጋራ የሆነውን የወሰን ግንብ ማደስ መብት ያላቸው ሁሉ እንደየድርሻቸው የሚሸከሙት ዕዳ መሆኑን ደንግጓል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ወሰን አጥር ብቻ የሚናገር ሕግ ወጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት አጥር ለመሥራት የፈለገ ሰው የአጥሩን መሥመር፣ ዓይነቱን፣ የወጪውን ግምትና የአከፋፈሉን ሐሳብ ጽፎ አስቀድሞ ለጐረቤቱ ይሰጣል። በአንድ ወር ውስጥ ካልተስማሙ ወደ ዳኛ መሄድ ይችላሉ። ለሁለቱ ግቢ የሚበቃውን አጥር ወጪ እኩል ይከፍላሉ። ከዚያ የሚበልጥ አጥር የፈለገው ትርፉን ለብቻው ይከፍላል። አጥሩን በጥፋቱ ያበላሸም ማሳደሻው በእርሱ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሀብት የሆነ ሰው ጐረቤቱን ከሚያውክና ከሚጐዳ ሥራ እንዲቈጠብ ያዛል። ስለ ጋራ ሀብትም ሲናገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ድርሻው እኩል እንደሆነ ይገምታል፤ ወጪውም በየድርሻው እንዲሆን ያደርጋል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ስለሆነ፣ በከተማ የጐረቤታሞች ወሰን የሚታወቀው በይዞታ ማረጋገጫው ካርታ ነው። በገጠርም የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉት አዋሳኞች በስማቸው ይጻፋሉ። ይህም የአንድ ሰው ወሰን ያለ ጐረቤቱ ምስክርነት ሙሉ እንደማይሆን ያሳየናል።

ይህን ሁሉ ያመጣነው ለክስ እንድትዘጋጁ አይደለም። በሩቅ አገር ያሉ ሕግ አውጪዎችና በእኛ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች፣ ሳይገናኙ፣ ወደ አንድ ሐሳብ እንደ ደረሱ እንድታዩ ነው። ሐሳቡም፦ አስቀድሞ ማሳወቅ፤ የሚበቃውን በጋራ፤ ትርፉን ለብቻ።

4ኛ፦ ከቅዱስ መጽሐፍ የምናገኘው ምሳሌ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ያዕቆብና ላባ ስለ ደመወዝና ስለ ከብት ብዙ ዘመን ከተካሰሱ በኋላ በተራራ ላይ ሲገናኙ እናነባለን። ክርክራቸውን ያበቁት ድንጋይ ከምረው ወሰን በማቆም ነው። ልብ በሉ፤ ክምሩን አንዱ ብቻውን ሌሊት ሠርቶ ለሌላው አላሳየውም። በሁለቱም ወገን ፊት ተከመረ፤ በዚያው ቦታ አብረው በሉ፤ አንዱ ሌላውን ለመጕዳት ያን ክምር እንዳያልፍ ቃል ተጋቡ። ላባ ያን ድንጋይ በራሱ ቋንቋ፣ ያዕቆብም በራሱ ቋንቋ ስም ሰጡት። ቋንቋቸው ቢለያይም ክምሩ ግን አንድ ነበረ። የሁለት ሰዎች ወሰን እንዲህ ሲሆን ምስክር ይሆናል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ደግሞ የዕርቅ ቅደም ተከተል ተቀምጧል። በመጀመሪያ ለብቻ ሆኖ መነጋገር፣ ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙው መንገር ነው። በምሳሌያችን የተደረገው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ለሰፈሩ ተነገረ፤ ለብቻ መነጋገር ግን ጭራሽ አልተሞከረም።

5ኛ፦ ሽማግሌዎች ነገሩን እንዴት ፈቱት?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስና፣ ከለቅሶው በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ እንበል። ሽማግሌዎቹ «ማን አጠፋ?» ብለው አልጀመሩም። ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለዩ።

በመጀመሪያ ወሰኑን ለኩ። በግቢዎቹ ጫፍና ጫፍ ካሉት የወሰን ድንጋዮች ሲባጎ ዘረጉ። ግንቡ በትክክል በመሥመሩ ላይ፣ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋም በዓይናቸው አይተው «ይህንስ አልገፋም» አሉ። ግማሹ ነገር እዚያው ቀለለ።

ሁለተኛ የሚበቃው አጥር የቱ እንደሆነ ጠየቁ። በሰፈሩ የተለመደውና ዶሮና ውሻ የሚከለክለው የእንጨትና የቆርቆሮ አጥር ነው። ያን ለመሥራት 12,000 ብር ይፈጅ ነበር እንበል። (ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው።) የብሎኬቱ ወጪ 40,000 ብር ስለሆነ፣ ልዩነቱ 28,000 ብር የጐልማሳው ምርጫ ነው፤ ለብቻው ይሸከመዋል።

ሦስተኛ ድርሻውን አሰሉ። የ12,000 ብር እኩሌታ 6,000 ብር ነው። ነገር ግን አሮጌው አጥር በሴትዮዋ ቤት ገንዘብ የተሠራ ነበር። ወደ ከሰል ማስቀመጫው የሄደው ቆርቆሮ 2,000 ብር ተገመተ። ይህ ሲቀነስ የሴትዮዋ ድርሻ 4,000 ብር ሆነ። እርሱንም በየወሩ 1,000 ብር እያደረጉ በአራት ወር እንዲከፍሉ ተስማሙ። ያልተለሰነው የታችኛው ጐንም አልተረሳም። አሸዋውንና ሲሚንቶውን ጐልማሳው እንዲያቀርብ፣ ጉልበቱን የሴትዮዋ ልጅና ጓደኞቹ እንዲሰጡ ተወሰነ።

በመጨረሻም ሽማግሌዎቹ ጐልማሳውን፣ «አጥሩን ስለ ሠራህ አንወቅስህም፤ ሳትጠይቃቸው ስለ ሠራህ ግን ይቅርታ በል» አሉት። እርሱም ተነሥቶ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሴትዮዋም፣ «እኔም ለእናትህ ድንኳን ገብቼ ሳልቀመጥ መቅረቴ ሲቆጨኝ ከርሟል፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። ገንዘቡ በስሌት ተፈታ፤ ለሐዘኑ ግን ይህ ቃል ያስፈልገው ነበር።

6ኛ፦ ለማስታወስ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከዚህ ምሳሌ የሚከተሉትን ደንቦች መያዝ እንችላለን።

— የሚፈርሰው አጥር ከመነካቱ በፊት ሁለቱ ጐረቤቶች ይነጋገሩ። የሚሻለው ጊዜ በጋው ነው። በሰኔ ዝናብ አጥር ወድቆ የሚደረግ ንግግር በችኰላና በቁጣ ይሆናል።

— ለሁለቱም የሚበቃው ወጪ እኩል ይከፈል፤ የበለጠ የፈለገ ትርፉን ይክፈል።

— አንዱ በጥፋቱ ያፈረሰውን፣ ለምሳሌ በመኪና የገጨውን ወይም ዛፍ ሲቈርጥ የጣለበትን፣ እርሱ ያሳድስ።

— አሮጌው ዕቃ የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ዋጋውም በሒሳቡ ይግባ።

— ገንዘብ የሌለው በጉልበት፣ በዕቃ ወይም በጊዜ ይክፈል። ሆኖም «የለኝም» ማለት «አያገባኝም» ማለት እንዳልሆነ በቃሉ ይናገር። ያለውም ቢሆን ድኻ ጐረቤቱን አቅሙ ወደማይችለው ወጪ አይጐትት።

— የተስማሙበት ነገር በአንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ሁለት ምስክርም ይኑር። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ነገ ለሚወርሱት ልጆች ነገሩን ግልጽ ማድረግ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ይሁን እንጂ ሎሚው ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ የራሱን አንድ አውቆ ሲይዝ ነው። አንዱ ተነሥቶ በሌላው እጅ ሁለትና ሦስት ቢጭንበት ጌጥነቱ ይቀራል።

7ኛ፦ ከእናንተ ከወጣቶች ምን ይጠበቃል?

«ይህ የወላጆቻችን ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን እናደርጋለን?» የሚል ወጣት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በብዙ ሰፈር ነገር የሚያመላልሰው ወጣቱ ነው። በአጥር ቀዳዳ የሰማውን ለእናቱ የሚነግር፣ «እነ እገሌ እንዲህ አሉሽ» ብሎ የሚያቀጣጥል አለ። ከጐረቤት ልጅ ጋር ሰላምታ በማቋረጥ የወላጆቹን ጠብ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያወርስም ከእኛው መካከል ይገኛል። ስለዚህ የሰማችሁት የቁጣ ቃል እናንተ ዘንድ ይቁም። ወላጆቻችሁ ቢጣሉም ከጐረቤት ልጅ ጋር ትምህርት ቤት አብራችሁ ሂዱ። ታላላቆችን ስታገኙም እንደ ወትሮው በአክብሮት ጤና ይስጥልኝ በሉ።

ከዚህም ሌላ በእጃችሁ ብዙ አለ። ሜትር ይዛችሁ ርዝመቱን መለካት፣ የዕቃ ዋጋ ከሁለትና ከሦስት ሱቅ ጠይቃችሁ በወረቀት ማቅረብ፣ የስምምነቱን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ አዛውንቶች ቃል በቃል ማንበብ ትችላላችሁ። ረዳት ለሌላቸው እናቶችና አረጋውያንም በበዓል ዕረፍታችሁ ተሰብስባችሁ የዘመመውን አጥር ማቃናት ትችላላችሁ። አምስት ወጣቶች በአንድ ቀን ጉድጓድ ቈፍረው አሥር እንጨት ቢያቆሙ፣ ምናልባት ወደ ሽማግሌ ሊደርስ የነበረ ነገር ሳይጀመር ይቀራል።

በየክፍላችሁ ለመወያየት፦

1. በምሳሌው ውስጥ ሴትዮዋ ምንም አልከፍልም ብለው ቢጸኑ ትክክል ይሆኑ ነበርን? ለምን?

2. ጐልማሳው አስቀድሞ ቢጠይቅና ሴትዮዋ «አጥር አልፈልግም» ቢሉት ምን ማድረግ ነበረበት?

3. ከቤታችሁ ጋር የሚዋሰነው አጥር በማን እንደ ተሠራ፣ ወሰኑም ምን ላይ እንደሆነ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በሁለቱም ወገን የሚታወቅ ስምምነት አለን? ከሌለስ፣ ሰላም ሳለ ለመነጋገር መጀመሪያ ማን ወደ ማን ይሂድ?